ባትሪው ለምን ይደክማል? ስለ ኃይለኛ የኤል ኢ ዲ ባትሪዎች፣ ስለ ዓይናቸውና ስለ ሙቀታቸው

በአማርኛ «ባትሪ» ስንል በእጅ የሚያዘውን መብራት ማለታችን ነው፤ ውስጡ የሚገባውን ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» እንለዋለን። ሱዳኖችም እንደኛው ናቸው። መብራቱን «በጣሪያ»፣ ውስጡ የሚገባውን «ሐጀር» ይሉታል፤ ሐጀር ማለት ድንጋይ ነው። (ካርቱም አዲስ የገባ ሐበሻ ስለ ቤት ጣሪያ የሚያወሩ ይመስለዋል።) በዚህ ጽሑፍም ባትሪ ስል መብራቱን፣ ድንጋይ ስል ቻርጅ የሚደረገውን ማለቴ እንደሆነ ያዙልኝ፤ አለበለዚያ መደናገራችን አይቀርም።

ጦርነቱ እስኪጀመር ድረስ ካርቱም ዴም ሰፈር ውስጥ ሞባይልና ባትሪ እጠግን ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከምንም በላይ የሰማሁት ስሞታ አንድ ነው፤ «ሲበራ የመኪና መብራት ነው፣ ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ ይደክማል»። ዛሬም ከገዳሪፍ መጠለያዎችና ከመተማ በኩል የሚመጣልኝ ጥያቄ ይኸው ነው። ግማሹ ሰው ድንጋዩ አልቆ ነው ይላል፣ ግማሹ ሻጩ አታለለኝ ይላል። አንዳንዴ ሁለቱም እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ሙቀት ነው። ሙቀቱን የተረዳ ሰው ያንኑ ባትሪ ሦስት ሌሊት ሊያነጋበት ይችላል።

ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ አፕሪል 15 ቀን 2023) ካርቱም ውስጥ ተኩስ ሲከፈት ብዙ ሰፈር ውኃም መብራትም ተቋረጠበት። ወሩ ደግሞ ዋናው የሙቀት ወር ነበር። ከዚያ በኋላ ባትሪ ለመንገድ ብቻ የሚያዝ ዕቃ መሆኑ ቀረ፤ ቁስል የሚታጠበው፣ ሻንጣ የሚታሰረው፣ ሕፃን የሚጠባው በእሱ ብርሃን ሆነ። አሁንም መጠለያ ውስጥ ሽንት ቤት ድረስ ለመሄድ፣ ጊንጥና እባብ አይቶ ለመርገጥ፣ ሌሊት ምጥ የመጣባትን ሴት ጤና ጣቢያ ለማድረስ ያለን እሱ ነው። ስለዚህ ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል።

ዓይኑ

ባትሪውን ሳታበሩት ፊት ለፊት ብታዩት መሐሉ ላይ አንዲት ቢጫ ነጥብ አለች። ኤል ኢ ዲዋ እሷ ናት። ቢጫ መሆኗ ብዙ ሰው ያደናግራል፤ የምትሰጠው ብርሃን ነጭ ነው እኮ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከሥር ያለችው ቺፕ የምታወጣው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ላይዋ የተለበጠው ፎስፎር የሚባል ቢጫ ዱቄት ከሰማያዊው ከፊሉን ይውጥና ወደ ቢጫ ይለውጠዋል። ያመለጠው ሰማያዊና አዲሱ ቢጫ ሲቀላቀሉ ዓይናችን ነጭ አድርጎ ያያቸዋል። ደማቅ ሰማያዊ ቺፕ መሥራት ለብዙ ዓመት አስቸግሮ የቆየ ጉዳይ ነበር። ሹጂ ናካሙራ ኒቺያ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ በ1993 ለገበያ የሚሆን ደማቅ ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ አወጣ። በ2014 እሱ፣ ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ ሆነው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ወሰዱ። እጃችሁ ላይ ያለው ባትሪ የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

ርካሾቹ ባትሪዎች ላይ ተደርድረው የምታዩአቸው፣ ጫፋቸው ድቡልቡል የሆነ ትንንሽ አምፖሎች አሮጌው ዓይነት ናቸው። ውፍረታቸው 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ እያንዳንዳቸው ወደ 20 ሚሊ አምፔር ብቻ እንዲወስዱ የተሠሩ ናቸው። ሙቀታቸው የሚወጣው በሁለቱ ቀጫጭን እግሮቻቸው በኩል ስለሆነ ከዚያ በላይ ከተገፉ ወራት ሳይቆዩ ይደበዝዛሉ። ለትንሽ ሥራ ግን አይናቁም።

ኃይለኞቹ ሌላ ናቸው። በገበያ «ቲ ስድስት» እየተባለ የሚጠራውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙ የመጣው ክሪ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤክስኤም-ኤል ከሚባለው ኤል ኢ ዲ ነው። ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር በ5 ሚሊ ሜትር፣ እስከ 3 አምፔር የሚችል፣ 10 ዋት ገደማ በልቶ ወደ 1000 ሉመን የሚሰጥ ነው። እንግዲህ «ቲ ስድስት» የሞዴል ስም አይደለም። ፋብሪካው ኤል ኢ ዲዎቹን በድምቀታቸው ሲለይ ለአንዱ ደረጃ የሰጠው ምልክት ነው፤ ልክ ጤፍን ማኛ፣ ሰርገኛ እንደምንለው። ስለዚህ ሳጥን ላይ ቲ6 ተጽፎ ማየት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ማንም ይጽፈዋል።

ከዚያ በኋላ አራት ቺፕ በአንድ የያዙት ኤክስኤችፒ 50 እና ኤክስኤችፒ 70 መጡ። እነዚህ እውነተኛ የክሪ ስሞች ናቸው። ኤክስኤችፒ 90፣ 99፣ 160፣ 360 እያሉ የሚቀጥሉት ግን ሌሎች አምራቾች ቁጥሩን እያሳደጉ የለጠፏቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ክፉ አይደሉም፣ ብርሃን ይሰጣሉ፤ ቁጥሩ ስላደገ ግን ብርሃኑ አላደገም። ከክሪ ሌላ የኒቺያ፣ የሉሚነስ፣ የኦስራምና የሳምሰንግ ኤል ኢ ዲዎችም ጥሩ ባትሪ ውስጥ ይገኛሉ።

ሩቅ የሚወረውር ባትሪና ሰፊ የሚያበራ ባትሪ ልዩነታቸው የቺፕዋ ስፋትና የመስታወቱ ጥልቀት ነው። ትንሽ ቺፕ በጥልቅ መስታወት ውስጥ ሩቅ ይወረውራል፤ ትልቅ ቺፕ በጠባብ መስታወት ውስጥ ግቢውን በሙሉ ያለብሳል። ለመጠለያ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ርቀትን እጥፍ ለማድረግ የጨረሩ ጥንካሬ አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ያለ ዛፍ ለማየት ያን ያህል ኃይል ማባከን ለማን ይጠቅማል?

ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር

ሱቅ አረቢም ሆነ ኦምዱርማን ሱቅ ሊቢያ፣ «100,000 ሉመን» የተጻፈበት ባትሪ በአንድ የሱዳን ጊኒ አስከፍሎ የሚሸጥላችሁ ባይኖርም በርካሽ የሚሸጥላችሁ ሞልቶ ነበር። ሂሳቡን እንሥራው። በጣም ጥሩ ኤል ኢ ዲ ከአንድ ዋት 150 ሉመን ያወጣል እንበል። 100,000 ሉመን ለማውጣት ከ650 ዋት በላይ ይፈልጋል። የልብስ ካውያ 1000 ዋት ገደማ ነው የሚበላው። እንግዲህ ከካውያ ግማሽ በላይ ኃይል በአንዲት ጣት በምታክል ድንጋይ፣ በእጅ ተይዞ? አይሆንም። አንዲት ጤነኛ ድንጋይ ያለው ባትሪ በእውነት የሚሰጠው ከ500 እስከ 1500 ሉመን ነው፤ ጠንካሮቹ ለአጭር ጊዜ 2000ንና 3000ን ይነካሉ። የመኪና የፊት አምፖል አንዱ ወደ 1500 ሉመን መሆኑን አስቡ፤ ይህ ራሱ ብዙ ነው።

ሐቀኛ አምራቾች የሚለኩበት ደንብ አለ፤ ኤፍ ኤል 1 ይባላል፣ በ2009 የወጣ የአሜሪካ መለኪያ ነው። በዚህ ደንብ ሉመኑ የሚለካው ባትሪው በበራ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የቆይታ ሰዓቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ እስኪሆን ድረስ ነው። ርቀቱ ደግሞ ብርሃኑ የሙሉ ጨረቃን ያህል እስኪደክም ያለው ነው። አያችሁ? «1000 ሉመን፣ 5 ሰዓት» የሚል ሐቀኛ ሳጥን እንኳ አምስት ሰዓት ሙሉ 1000 ሉመን ይሰጣል ማለቱ አይደለም። የመጀመሪያው ደቂቃ 1000፣ የቀረው ሰዓት ምናልባት 200 ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን የተለካው 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው እንጂ ካርቱም ውስጥ አይደለም።

ሙቀቱ

የድሮው ሽቦ አምፖል ሙቀቱን ከብርሃኑ ጋር አብሮ ወደ ፊት ይረጨው ነበር፤ እጃችሁን ፊቱ ብታደርጉ ያቃጥላል። ኤል ኢ ዲ እንደዚያ አይደለም። ፊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ሙቀቱ በጀርባው ነው የሚወጣው። 10 ዋት ብትሰጡት ሲሶው ያህል ብርሃን ይሆናል፤ 7 ዋት ገደማ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ከጥፍር በምታንስ ቺፕ ሥር ይጠራቀማል። ያ ሙቀት መውጫ ካላገኘ ቺፕዋ በሰከንዶች ውስጥ ከመቶ ዲግሪ ታልፋለች። አብዛኞቹ ትልልቅ ኤል ኢ ዲዎች 150 ዲግሪ የመጨረሻ ወሰናቸው ነው። ወሰኑ ላይ ሳይደርሱም ቢሆን በጋሉ ቁጥር ብርሃናቸው ይቀንሳል፤ ከክፍል ሙቀት ተነስታ 100 ዲግሪ የደረሰች ቺፕ ከብርሃኗ ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ ታጣለች። ድንጋዩ ግን ያንኑ ያህል ይበላል።

የሙቀቱ መንገድ ይህ ነው፤ ከቺፕዋ ወደተበየደችበት ክብ ቦርድ፣ ከቦርዱ ወደ ብረት መደርደሪያው፣ ከመደርደሪያው ወደ ባትሪው አካል፣ ከአካሉ ወደ አየርና ወደ እጃችሁ። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ከጠበበ ሌላው ሁሉ ቢሰፋ ዋጋ የለውም። መዳብ ሙቀትን ከአሉሚኒየም አስበልጦ ያሳልፋል፣ አሉሚኒየም ከተራ ብረት ብዙ እጥፍ ያስበልጣል፣ ፕላስቲክ ከአሉሚኒየም አንድ ሺህኛ እንኳ አያሳልፍም። ቀጭን አየር ደግሞ ከፕላስቲክም ይብሳል። ለዚህ ነው በቦርዱና በመደርደሪያው መካከል ያለችው ነጭ ወይም ግራጫ የሙቀት ቅባት ያን ያህል ዋጋ ያላት፤ ሥራዋ በሁለቱ ብረቶች መካከል የቀረውን አየር ማስወጣት ብቻ ነው።

ስንቱን ከፍቼ ያየሁት ይህንን ነው፤ ውጪው ወፍራም አሉሚኒየም፣ ክንፍ ክንፍ ያለው፣ ሲታይ የሚያስደነግጥ። ውስጡ ግን ቦርዱ ያለ ቅባት ባዶ ቀለበት ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጠርዙ ብቻ ብረት ነክቶ ተቀምጧል። ያ ሁሉ ክንፍ ለጌጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሳትከፍቱ የምትለዩበት መንገድ አለ። ድንጋዩን ሞልታችሁ በትልቁ ብርሃን አብሩትና አንገቱን ያዙ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ እየሞቀ መምጣት አለበት። እየሞቀ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ሙቀቱ እየወጣ ነው። ብርሃኑ ኃይለኛ ሆኖ አካሉ ከቀዘቀዘ ግን ሙቀቱ ውስጥ ታግቷል፣ ቺፕዋ እየተጠበሰች ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሹን ያስባል፣ «ይሄኛው አይሞቅም፣ ጥሩ ነው» ብሎ ይመርጣል።

ሌላው ምልክት ቀለሙ ነው። ነጭ የነበረው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ካደላ ቺፕዋ ከአቅሟ በላይ እየተነዳች ወይም እየጋለች ነው፤ ቢጫው ሽፋን ሰማያዊውን መለወጥ አቅቶታል ማለት ነው። ጠፍቶ ሲታይ ቢጫዋ ነጥብ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ጠባሳ ካለ ደግሞ የሞት መጀመሪያ ነው።

በዚህ ላይ የካርቱም አየር አለ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ መዋሉ ብርቅ አይደለም፤ ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ለባትሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሻካራ ሂሳብ ላሳያችሁ። በእጅ ጭብጥ የሚያዝ፣ ቁመቱ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ባትሪ፣ አየሩ ካልነፈሰ፣ አካሉ ከአየሩ በአንድ ዲግሪ በበለጠ ቁጥር ወደ አንድ አሥረኛ ዋት ሙቀት ያስወጣል። እጅ ሳያቃጥል የሚያዘው ብረት 50 ዲግሪ ገደማ ነው እንበል። 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ልዩነቱ 28 ዲግሪ ነው፤ ባትሪው ያለማቋረጥ 2.8 ዋት ሙቀት ማስወጣት ይችላል። 42 ዲግሪ በሆነ አየር ልዩነቱ 8 ብቻ ነው፤ 0.8 ዋት። ባትሪው አልተለወጠም፣ ድንጋዩም አዲስ ነው፤ ግን ያለማቋረጥ መሥራት የሚችለው ከሲሶ በታች ሆነ። ነፋስ ካለ ይሻላል። በእጅ መያዝም ይጠቅማል፤ ደማችን ሙቀቱን እየወሰደ ስለሚያቀዘቅዘው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠው ባትሪ በእጅ የተያዘው ረዘም ላለ ጊዜ ይደምቃል። በጨርቅ ወይም በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ባትሪ ግን መብራት መሆኑ ቀርቶ ምድጃ ይሆናል።

ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ

እንግዲህ ጥሩ ባትሪ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ የሚደክመው ታሞ አይደለም። ራሱን እየጠበቀ ነው።

ውስጡ ያለው ትንሽ ቦርድ የሙቀት መለኪያ አለው። አንዳንዱ ላይ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚቀንስ ትንሽ ቁራጭ ተበይዷል፤ አንዳንዱ ላይ መለኪያው እዚያው ትንሿ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው ያለው። ሙቀቱ የተወሰነ ልክ ሲደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዲግሪ መካከል፣ ቦርዱ ኃይሉን ይቀንሳል። ጎበዞቹ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ይቀንሱና ሲቀዘቅዝ መልሰው ያነሱታል፤ ዓይናችሁ ለውጡን አያየውም። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱን እያየች እንጨቱን እንደምትስበውና እንደምትገፋው ማለት ነው። ሌሎቹ ሙቀት አይለኩም፤ ሰዓት ብቻ ይቆጥራሉ። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ፣ ሞቀም አልሞቀም፣ ግማሽ ላይ ያወርዱታል። ሦስተኞቹ ምንም የላቸውም፤ እስኪቃጠሉ ይነዳሉ። ርካሹ ገበያ ላይ የበዙት እነዚህ ናቸው።

ያንተ የትኛው ነው? ፈተናው ቀላል ነው። ዴም አንዲት ቡና የምታፈላ እህታችን ሁለት ጊዜ ድንጋይ ለውጣ መጣች። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ሳይሻለው ቀረ» አለችኝ። አብርተን ጠበቅን፤ አራተኛው ደቂቃ ላይ ወረደ። አንገቱ ትኩስ ነው። አጥፍተን ቡናዋን እስክንጠጣ አስቀመጥነውና እንደገና አበራነው፤ እንደ አዲስ ደመቀ። ያ ባትሪ ጤነኛ ነበር፣ ድንጋይ መግዛቷ ነበር ያልተፈለገው። እናንተም እንዲሁ ሞክሩ። ደክሞ አንገቱ ከሞቀ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከተመለሰ፣ ሙቀት ነው። ቀዝቅዞም ካልተመለሰ ድንጋዩ ነው። ገና ቀዝቃዛ ሳለ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ደቂቃ ላይ የሚወርድና አጥፍታችሁ ወዲያው ስታበሩት የሚመለስ ከሆነ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ብልጭ ድርግም እያለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው፤ የጅራቱን ጥርስና ሞላውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። የካርቱም ሃቡብ አቧራው ያልገባበት ጥርስ የለም።

የጋለ ባትሪ ውኃ ውስጥ አትንከሩ። ውስጡ ያለው አየር ድንገት ሲኮማተር በጎሚኒው በኩል እርጥበት ይስባል፤ መስታወቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ዝቅተኛው ላይ አድርጉትና በእጃችሁ ያዙት፣ ይበቃዋል።

ለጠጋኞች አንድ ሁለት ነገር ልበል። የሙቀት ቅባት ሲጠፋ የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አሉ። እርጥብ ሳለ ይሠራል፣ ሲደርቅ ግን ተሰነጣጥቆ አየር ያስገባል፤ በሙቀት ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ከኮምፒዩተር ቤት ትንሽ ቅባት ለምኑ። ሲቀቡም ቀጭን ይሁን፤ ወፍራም ቅባት ራሱ ብርድ ልብስ ነው። ሌላው፣ ኤል ኢ ዲው አጠገብ ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ። ትነቱ በተዘጋው ራስ ውስጥ ታፍኖ የኤል ኢ ዲውን ሽፋን ያጠቁረዋል።

ድንጋዩ

አብዛኞቹ ኃይለኛ ባትሪዎች የሚጠቀሙት 18650 የሚባለውን ሊትየም ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ ሲያልቅ 3 ቮልት ገደማ። ጥሩው የሚይዘው ከ2500 እስከ 3500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው፤ አዳዲሶቹ ትንሽ ይጨምራሉ። «9900» የተጻፈበትን ስታዩ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ክብደቱም ያጋልጠዋል፤ እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፣ ሐሰተኛው እጅ ላይ ይቀላል።

አሁን ወደ ሦስት ሌሊቱ ሂሳብ እንምጣ። 3000 የሚይዝ ጤነኛ ድንጋይ ውስጡ ወደ 11 ዋት ሰዓት አለው። 10 ዋት በሚበላው በትልቁ ብርሃን አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ ጨለማ። 0.3 ዋት በሚበላው በትንሹ ብርሃን ግን 30 ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ በየሌሊቱ አሥር ሰዓት ቢበራ ሦስት ሌሊት። ትንሹ ብርሃን ደግሞ 35 ወይም 40 ሉመን ይሆናል። ያንሳል? አያንስም። ወደ ጣሪያ አቅንታችሁ ብታስቀምጡት ወይም አፉ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ብትደፉበት መጠለያው ውስጥ ሰው ከሰው ይተያያል፣ ልጅ ያነብባል። ዓይናችን ብርሃንን በልኩ አይቆጥርም፤ 1000 ሉመን ወደ 500 ሲወርድ ግማሽ የቀረ አይመስለንም። ትንሹ ብርሃን ላይ ሙቀት የሚባል ነገርም የለም፤ 42 ዲግሪ ቢሆንም ቺፕዋ ግድ የላትም።

ድንጋዩ ግን ሙቀት አይወድም። ሊትየም ቻርጅ መደረግ ያለበት ከ45 ዲግሪ በታች ነው። ቀትር ላይ ቆርቆሮ ወይም ሸራ ሥር ያንን ማለፍ ቀላል ነው። ሶላር ያላችሁ ፓኔሉን ፀሐይ ላይ፣ መብራቱንና ድንጋዩን ጥላ ውስጥ አድርጉ፤ ሽቦው የሚደርስ ከሆነ ይኸው ነው መፍትሔው። ሁለቱ የማይለያዩ ከሆነ ጠዋትና አሥር ሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ይሻላል። (በነገራችን ላይ ሶላር መብራት የምትገዙ ከሆነ ቬራሶል የሚባለው፣ በፊት ላይቲንግ ግሎባል ይባል የነበረው ፕሮግራም መርምሮ ያለፈውን ፈልጉ። ቤት ውስጥ ከትልቅ ባትሪ የበለጠ ይጠቅማል።)

በጣም የምፈራው እሳቱን ነው። ራኩባ ከሣርና ከእንጨት የተሠራ ነው፣ ድንኳኑ ሸራ ነው፣ አጠገቡ የጎረቤት ድንኳን ነው። ሊትየም ድንጋይ ከተቀደደ፣ ከተቀጠቀጠ ወይም ያለ ልክ ከተሞላ ይቀጣጠላል፤ በውኃ ለማጥፋትም ያስቸግራል። ስለዚህ ስትሞሉ አልጋ ላይ፣ ፍራሽ ላይ አታድርጉት። ባዶ መሬት ላይ ወይም አሮጌ ምጣድ ላይ አድርጉት፣ ተኝታችሁም አትተዉት። የላስቲክ ልብሱ የተቀደደ ድንጋይ አትጠቀሙ። ልቅ ድንጋይ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ አትያዙ። ሁለት ወይም ሦስት ድንጋይ የሚወስድ ባትሪ ካላችሁ አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ፤ ደካማው ከባዶ በታች ይሳባል፣ ጋዝ ያወጣል፣ የተዘጋው የባትሪ ቱቦ ደግሞ ጋዙን አፍኖ እንደ ፈንጂ ይሆናል። ከተሰበረ ላፕቶፕ የወጣ ድንጋይ ይሠራል፣ እኔም ብዙ ሰው የጠቀምኩበት ነገር ነው፤ ግን በቴስተር ሲለካ ከ2 ቮልት በታች የወረደውን አትንኩት። ሲሞላ የሚግለውንም እንዲሁ።

ሌሊት

በጦርነቱ ወራት ካርቱም ውስጥ ለቀረ ሰው ብርሃን ራሱ አደጋ ነበር። ርካሾቹ ባትሪዎች አንድ ማብሪያ ነው ያላቸው፤ አንዴ ሲነኩ ትልቁ፣ ሁለቴ ትንሹ፣ ሦስቴ ብልጭታው። ጨለማ መንገድ ላይ ኬላ ሲያጋጥም ትንሹን ፈልጎ ብልጭታውን መንካት፣ መሣሪያ የያዘና የፈራ ሰው ዓይን ላይ ብልጭታ መልቀቅ ማለት ነው። አሁንም ማታ ለምትንቀሳቀሱ የምለው ይኸው ነው፤ ምርጫ ካላችሁ ሁልጊዜ ከትንሹ የሚጀምር ወይም የመጨረሻውን የሚያስታውስ ባትሪ ግዙ። ከሌላችሁ ጣታችሁን መስታወቱ ላይ አድርጋችሁ አብሩት፤ ብርሃኑ በጣታችሁ መካከል ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ ትክክለኛውን ስታገኙ ትለቁታላችሁ። ትልቁ ላይ ግን ጣት አታቆዩ፣ ያቃጥላል። ወደ ሰው ፊት ሳይሆን ወደ እግር አብሩ።

ሃቡብ ሲመጣ ትልቁ ብርሃን ምንም አይሠራም። አቧራው ብርሃኑን ወደ ዓይናችሁ ይመልሰዋል፣ ነጭ ግድግዳ ፊት የቆማችሁ ይመስላችኋል። ባትሪውን ከዓይን አርቁት፣ ወገብ ወይም ጉልበት ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ትንሹን አብሩ፤ መሬቱ ያኔ ይታያል።

አንድ የቀረ ነገር። መውጫው ከጎኑ ተስቦ ግድግዳ ላይ የሚሰካው፣ ውስጡ እርሳስና አሲድ ያለው የቻይና ባትሪ ብዙ ቤት አለ። ከሱ ውስጥ ያለው ቦርድ ብዙ ጊዜ ትራንስፎርመር የለውም፤ ተሰክቶ ሳለ ውስጡ ያለው ሽቦ ሁሉ የግድግዳው 220 ቮልት ነው። ተሰክቶ እያለ አትክፈቱት፣ አታብሩት፣ የተሰነጠቀውን ለልጅ አታስይዙ። ጀኔሬተር ሲመጣ ሁሉም እየሮጠ ነው የሚሰካው፤ ልጆቹን ከዚያ አርቁ። ይህ ዓይነቱ ድንጋይ ባዶውን ከተቀመጠ ደግሞ ይሞታል፤ ባትጠቀሙበትም በወር አንዴ ሙሉት።